ሲንቄ ሰብረው አሰላ ለተኙት ለጓድ አሳምነው

ኅዳር 1979 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ አሳምነው
የሴቶች ሱፍ ሠሪዎች ማህበር የድጋፍ ሰጪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
አሰላ፣ በተኙበት አልጋ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እላለሁ። መንጋጋዎ በሽቦ ታስሮ ምግብ የሚወስዱት በቀጭን ቱቦ እንደሆነ ከተሰማ ወዲህ ከተማችን በሙሉ ጭንቅ ላይ ናት፤ እርስዎ የማይናገሩበት ስብሰባ ቡና ሳይፈላ እያለቀ፣ ሰዉ በተረፈው ጊዜ ምን እንደሚሠራ ግራ ገብቶታል። የጎድን አጥንቶችዎ ቦታ ቦታቸውን እንዲይዙ፣ ያበጠው ዓይንዎም ተከፍቶ ይህን ደብዳቤ ለማየት እንዲበቃ በየእምነታችን እንጸልያለን። ሁለቱ የፊት ጥርሶችዎ ከማህበሩ በር ላይ ተለቅመው በንጹሕ ሱፍ ተጠቅልለው ተቀምጠዋልና፣ ሲመለሱ ፈርመው ይረከባሉ።

እኔ ገብረ መድህን ሣህሌ እባላለሁ። እርስዎ የሚያውቁኝ «አንተ ሽማግሌ» በሚለው ስሜ ነው። የማህበሩ ዘበኛ ነኝ፤ ከዚያ በፊት ፍርድ ቤት በር ላይ፣ ጃንጥላ ሥር ቁጭ ብዬ ለባላገሩ ማመልከቻ ስጽፍ ዘመኔን የፈጀሁ ሰው ነኝ። የልጅ ልጆቼ አድገው እኔን መምከር ጀምረዋል፤ «አባባ፣ ይህን ደብዳቤ አትለጥፍ፣ ያስሩሃል» ይሉኛል። እኔን ማሰር የሚከብደው ለእስር ቤቱ ነው። ሳሌ ሲነሣ እስረኛውንም ጠባቂውንም አያስተኛም።

የምለጥፈውም በድብቅ አይደለም፤ እርስዎ ራስዎ በማህበሩ ግድግዳ ላይ ባሰቀሉት የግድግዳ ጋዜጣ ሰሌዳ ላይ ነው። ሰሌዳውን ሲመርቁ፣ ሂስና ግለ ሂስ የአብዮታችን ሳሙና ስለሆነ ማንም ሳይፈራ ይጻፍ ብለውን ነበር። በማግስቱ የጻፈችውን የመጀመሪያዋን ሴት በጥፊ ስላጠቧት ሰሌዳው እስከ ዛሬ ባዶውን ኖሯል። አንዱን ግልባጭ በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ ወደ አሰላ እልከዋለሁ። የምታነብልዎ ነርስ ድምፅዋ ከፍ ያለ ነው አሉ፤ አጠገብዎ የተኙት በሽተኞችም አይሰለቹም።

ጉዳዬ አንድ ነው። ሊቀመንበራችን ራቢያ ጀርባዋ ተተልትሎ በከተማችን እስር ቤት በደረቷ ተኝታለች። እርስዎ ከአልጋዎ ላይ ሆነው፣ አፍዎ ቢታሰር በጣትዎ እየጠቆሙ በሰጡት ቃል «የአመፅ መሪ» ተብላ፣ በመጪው ቅዳሜ በጭነት መኪና ወደማይነገረን ቦታ ልትወሰድ ነው። ቃልዎን ካነሡ ትቀራለች። ካላነሡ ደግሞ፣ በዚያ መኪና ሄዶ የተመለሰ ሰው እስካሁን አላየንም።

እዚህ ልመና ላይ ከመድረሴ በፊት ግን ስለሰጡን ድጋፍ ሁሉ በየተራው ላመስግንዎ ይፈቀድልኝ።

ሰሌዳው ሥር ቆሞ ለሚያነብ መንገደኛ ስል ማህበሩ ምን እንደሆነ ልናገር። ባሎቻቸው ለዘመቻ ሄደው ያልተመለሱ ሴቶች በዚህች ከበቆጂ ከፍ ባለች ብርዳም ከተማ ብዙ ናቸው። ራቢያ አንዷ ናት። ሟች ባሏ የተወላትን በጎች በወጥ ቤት ቢላዋ ሸለተች፤ ሱፉን አጠበች፣ አበጠረች፣ ፈተለች፤ የመጀመሪያውን ብርድ ልብስ ሠርታ አራስ ለነበረች ጎረቤቷ አለበሰቻት። ሌሎች መጡ። ኦሮሞዋም አማራዋም፣ የምትሰግደውም የምትሳለመውም አንድ ቤት ገብተው መፍተል ጀመሩ። ብርድ ልብሱ ሲሸጥ ለየቤታቸው የሚበቃቸውን ይወስዱና ከቀረው ቃሬዛና በቅሎ ገዙ፤ ከየገጠሩ ምጥ የጠናባትን ሴት እስከ መኪና መንገድ እያወረዱ ወደ አሰላ ይልካሉ። ይህን ሁሉ ያደረጉት ማንም ሳያዛቸው ነበር። ማንም ሳያዝ መሥራት ምን ያህል ከባድ ጥፋት እንደሆነ እርስዎ መጥተው እስኪያስረዱን ድረስ አልገባንም ነበር።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫው እናመሰግናለን። ሴቶቹ ራቢያን በእጅ ብልጫ መርጠው ሳለ፣ እርስዎ ምርጫው ንቃት ይጎድለዋል ብለው እንደገና እንዲመረጥ አዘዙ። እንደገና ራቢያ ሆነች። በሦስተኛው ሽጉጥዎን አውጥተው ጣሪያውን በሱት፤ ክረምቱን ሙሉ በዚያ ቀዳዳ የገባው ዝናብ የተፈተለውን ሱፍ እንደገና አጥቦልናል። አሁንም እጃቸውን ያላወረዱ ሴቶች ስለነበሩ በሽጉጡ ሰደፍ የአንዲት አሮጊት የቀኝ እጅ ጣቶች ሰበሩ። አሮጊቷ ተናኘወርቅ የእኔ ባለቤት ናት። ጣቶቿ ቀጥ ብለው ቀርተዋል፤ ከእንግዲህ አይታጠፉም። ከሠርጋችን ዕለት ጀምሮ እኔን ስትቆጣ ጣቷን ትቀስርብኝ ነበር፤ በእርስዎ ቸርነት አሁን ሳትቆጣም ትቀስርብኛለች። ራቢያንም ከሊቀመንበርነቷ አላወረዷትም፤ ስሙን ለእሷ ትተው የቤቱን ቁልፍ በኪስዎ ይዘው ሄዱ።

ሁለተኛ፤ ምርት እንዲጨምር ስላደረጉት ጥረት። በጎቹ የጋራ ይሁኑ ባሉ ጊዜ አንዷ ሴት የቤቷን አውራ በግ ደብቃ ተገኘች፤ እርስዎም በጉን በግቢው መካከል በጥይት ግንባሩን አሉት። ደሙ የሴትዮዋ ቀሚስ ላይ ተረጨ፤ ልጆቿ ቆመው ያያሉ። የሞተ በግ ሱፍ እንደማያበቅል ያን ዕለት ከእርስዎ ተምረናል። ስጋውን ይዘው ስለሄዱም ሸክም ቀለለን።

ሦስተኛ፤ የሚሊሺያውን አዛዥ ሀሰኖን ስላነጹልን። ሴቶቹ ላይ ዱላ እንዲያነሣ አዘውት ሲያመነታ፣ በእነዚያው ሴቶች ፊት አንበርክከው በገዛ ጠመንጃው ሰደፍ ትከሻውን አወለቁለት። ሀሰኖ ያን ጊዜ አንድም ቃል አልተነፈሰም። ሰው ዝም ሲል የተማረ ይመስላል፤ እርስዎም የተማረ መስሎዎት ደስ ብሎዎት ሄዱ።

አራተኛውን አልጽፈውም። እርስዎ ያውቁታል፤ የሱፍ ማከማቻውን በር የዘጉባት ሴትም ታውቀዋለች።

አምስተኛው ያለፈው ሐሙስ ነው።

እንደሚታወቀው፣ አንዲት የአርሲ ልጅ ስትዳር እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ቀጭን፣ ቀጥ ያለ፣ በቅቤ የወዛ በትር ነው። ዱላ አይደለም፤ ከብት አይነዳበትም፣ ሰው አይመታበትም። ሴቲቱ እስክትሞት ከእሷ አይለይም። ባል ቢሆን ባለሥልጣን ቢሆን ከልክ አልፎ የበደላት እንደሆነ ሲንቄዋን ይዛ ወጥታ ትጮኻለች፤ ጩኸቱን የሰማች ሴት ሁሉ የያዘችውን ጥላ የራሷን ሲንቄ ይዛ ትወጣለች። በፊታቸው አቋርጦ የሚያልፍ ወንድ የለም። በዳዩ ጊደር ነድቶ መጥቶ፣ አርዶ፣ ይቅርታ ሳይጠይቅ አንዳቸውም ወደ ቤት አይመለሱም። እኛ ከሸዋ የመጣን ሰፋሪዎች የልጅ ልጆች እንኳ ይህን ሥርዓት እያከበርን ነው የኖርነው፤ የማያከብር ሲገኝ ደግሞ ለከተማው እንግዳ ነው እንላለን። እርስዎንም በትምህርት ብዙ ዘመን ውጭ አገር ስለቆዩ እንግዳ ነው ብለን ነበር።

የማህበሩ ሴቶች ሲፈትሉ ሁለት እጃቸው ስለሚያዝ ሲንቄያቸውን ግድግዳው ላይ ያቆማሉ። ሐሙስ ዕለት እርስዎ ለንብረት ቆጠራ መጡ። ያን ሁሉ በትር ባዩ ጊዜ፣ በማህበሩ ቤት ውስጥ ያለ ሁሉ የማህበሩ ንብረት ነው ብለው «ልዩ ልዩ እንጨት» ተብሎ እንዲመዘገብ፣ ተቆርጦም ለሽመናው መወጠሪያ ችካል እንዲሆን አዘዙ። እኔ ከበሩ ላይ ሆኜ «ጌታዬ፣ እሱ እንጨት አይደለም» ብልዎ፣ «አንተ ሽማግሌ፣ በርህን ጠብቅ!» አሉኝ። ትእዛዝዎን አከበርኩ። እንዲያውም በሩን አጥብቄ ከመጠበቄ የተነሣ፣ በኋላ እርስዎ ሮጠው ለመውጣት ሲፈልጉ ገና እየጠበቅሁት ነበር።

ራቢያ የራሷን ከግድግዳው አንሥታ ደረቷ ላይ ያዘችው። «ይሄ የእናቴ ነው» አለች፤ «ማህበሩ አልሰጠኝም፣ ማህበሩም አይወስደውም።» እርስዎ ከእጇ ነጠቁ። የመጀመሪያው ምት ትከሻዋ ላይ አረፈ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ይቆጥረዋል? ቀሚሷ ተቀደደ፣ ቆዳዋ ተላጠ፣ አጠገቧ የተከመረው ነጭ ሱፍ ደሙን ጠጥቶ ቀላ። እሷ አልጮኸችም። የጮኸው በትሩ ነው፤ ጀርባዋ ላይ ለሁለት ሲሰበር።

እርስዎ ስባሪውን ወርውረው «ቀጥሉ፣ ሥራ ነው!» አሉ። ሥራው ቀጠለ። አንዲት ሴት በሩ ላይ ወጥታ የሲንቄን ጩኸት ጮኸች፤ ከገብሱ ማሳ መለሱላት፤ ከኮረብታው ማዶ መለሱላት። ከበቆጂ ይመጣ የነበረው አውቶቡስ መንገድ ላይ ቆሞ ሹፌሩ ሞተሩን አጠፋ፤ ተሳፋሪዎቹ ወንዶች ወርደው ከመንገድ ራቁ። ጥቂት ቆይቶ የማህበሩ ግቢ ሲንቄ በያዙ ሴቶች ተሞላ።

ሀሰኖን «ተኩስ!» አሉት። ሀሰኖም እጅግ በትሕትና፣ «ጓድ ሰብሳቢ፣ የፊተኛዋ ዙቤዳ ሚስቴ ናት፣ ከኋላዋ ያለችው እናቴ ናት። ከማንኛዋ ልጀምር?» ብሎ ጠየቀዎት። መልስ ስላዘገዩ ጠመንጃውን መሬት ላይ አስቀምጦ ሊሸና ሄደ። የቀሩትም ሚሊሺያዎች አንድ ላይ ሽንታቸው መጣ።

እርስዎ ከአልጋ ላይ በሰጡት ቃል «ሲንቄ የያዙ ሴቶች ደበደቡኝ» ማለትዎ ሐሰት መሆኑን እዚህ ላይ አስረግጬ እገልጻለሁ። አርሲዎቹ ከበው እየዘመሩ ቆሙ እንጂ አንዷም እጇን አላነሣችም፤ ሥርዓታቸው አይፈቅድላቸውም። ችግሩ የእኛ ሴቶች ሲንቄ የሌላቸው መሆኑ ነው። ሲንቄ ስለሌላቸው ያገኙትን ይዘው መጡ፤ ያገኙት ደግሞ ሰው አይመታበትም የሚል ሥርዓት የለውም። መንጋጋዎን ያገኘው ዘነዘና የማን እንደሆነ አጣሪው ይድረስበት። እኔ የማውቀው ከሐሙስ ወዲህ ቤቴ ውስጥ ሙቀጫ እንጂ ዘነዘና የለም፤ በርበሬዬን ሳይወቀጥ እየቆረጠምኩ ነው። ባለቤቴን የት ሄደ ብላት ያን የማይታጠፍ ጣቷን ቀሰረችብኝ፤ ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁም።

እንዴት ከሞት እንደተረፉ ግን የሚያስታውሱ አልመሰለኝምና ላስታውስዎ። መሬት ላይ ወድቀው፣ አፍዎ ደም ሞልቶ ሲንደፋደፉ፣ ዘነዘናው እንደገና ወደ ላይ ተነሥቶ ነበር። «ይበቃል!» ያለችው ራቢያ ናት። መቆም ስላቃታት ግድግዳ ተደግፋ፣ «ይበቃል፣ ሰው ነው። ቃሬዛውን አምጡ» አለች። በማህበሩ ብርድ ልብስ ጠቅልለው፣ በማህበሩ ቃሬዛ ተሸክመው እስከ አውቶቡሱ አደረሱዎ። ያ ቃሬዛ ብዙ ባለምጥ አመላልሷል፤ እንደ እርስዎ የጮኸች ግን አንድም ሴት እንዳልነበረች ተሸካሚዎቹ ሁሉ ይመሰክራሉ። አሰላ ደርሰው ትንፋሽዎ እንደተመለሰ፣ በዚያው ትንፋሽ ያሳሰሩት ይበቃል ያለችውን ሴት ነው። ወታደሮቹ ከአሰላ መጥተው ሲወስዷት ብርድ ልብስ እንኳ አልነበራትም፤ ደህናው እርስዎ ላይ ነበራ።

አሁን ያለንበት ሁኔታ ይህን ይመስላል። ሴቶቹ በሙሉ እስር ቤቱ ፊት ለፊት ካለው የኮሶ ዛፍ ሥር ተቀምጠዋል፤ ሲንቄያቸው መሬት ላይ ተተክሏል። የእኛዎቹም አብረዋቸው ናቸው። ከሐሙስ ወዲህ አንዲትም ሴት ቤቷ አልገባችም። ገብሱ ደርሶ ማሳው ላይ እየረገፈ ነው። ወንዱ ሁሉ የሚበላው ያረረ ነው። ሀሰኖ ላም አልባለሁ ብሎ ገብቶ ላሟ ያንኑ የወለቀ ትከሻውን በርግጫ ብላዋለች። እስር ቤቱን የሚጠብቁት ወታደሮች እንኳ፣ በየአገራቸው እናት ስላላቸው፣ ወደ ዛፉ እንዳያዩ ጀርባቸውን ሰጥተው ነው የሚቆሙት። ራቢያ ያለችበት ክፍል መስኮት ጠባብ ነው፤ ግን ሽታው ይወጣል። ቁስሏ መመርቀዝ ጀምሯል። ትኩሳቷ ሲነሣ የምታወራው ስለ ሱፍ ነው አሉ፤ ዝናብ ሳይመጣ አስገቡት ትላለች።

ክቡር ሆይ፣ እስካሁን ብዙ ቀለድኩ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሚያስቆጣኝን ሁሉ በቀልድ ነው ያለፍኩት። አሁን ግን አንዴ ደረቅ ነገር ልናገር። ሰው የሰበሰበውን ቤት መምራት ምን እንደሆነ ለማየት ውጭ አገር መሄድ አያስፈልግዎትም ነበር። ራቢያ አንድ ሴት ስትታመም የእሷን ድርሻ ፈትላ የምታድር ናት። ብርድ ልብስ ሲያንስ የራሷን ሰጥታ በነጠላ የምትተኛ ናት። እርስዎ ደጋፊ ተብለው ሲመጡ ከእርስዎ የፈለግነው ሁለት ነገር ብቻ ነበር፤ ጣሪያውን እንዲያስጠግኑልን፣ ከዚያም ዞር እንዲሉልን። ጣሪያውን በሱት፤ ዞርም አላሉም።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው፣ ከቅዳሜ በፊት ጣትዎን አንድ ጊዜ ብቻ አንሥተው ቃልዎን እንዲሽሩ ነው። በጣትዎ ካሳሰሯት በጣትዎ ያስፈቷት፤ የእርስዎ ጣቶች ይታጠፋሉ። ከዚያ በኋላ ጥርስ ባይኖርዎትም ጊደርዎን ነድተው ይምጡ። ማንም አይነካዎትም፤ ለዚህ እኔ ዋስ ነኝ። በሩንም ያን ዕለት ክፍት እተወዋለሁ።

አሻፈረኝ ካሉ ግን ዝም ብለን እንደማንሸኛት ይወቁት። ቅዳሜ መኪናው ሲነሣ መንገዱ ላይ ሴቶቹ አሉ፤ ከሴቶቹ ፊት ደግሞ እኛ ሽማግሌዎቹ እንተኛለን። መኪናው ከፈለገ በላያችን ላይ ይሂድ። አጥንታችን ደረቅ ነው፣ ጎማ ይበሳል፤ በዚህ ተራራ ላይ ደግሞ ጎሚስታ የለም።

ከአንገቴ ጎንበስ፣ ከወገቤ ግን ቀና ብዬ፣ አብዮታዊ ሰላምታዬን ከነሳሌ እየላክሁ፣ የማኘክ ዘመንዎ እንዲመለስ ከልብ የምመኝልዎ፣

ገብረ መድህን ሣህሌ
የማህበሩ ዘበኛ፣ በትእዛዝዎ መሠረት አሁንም በሩ ላይ

ግልባጭ፦
ለሀሰኖ፣ ላሟ በፈቀደች ጊዜ እንዲያነበው፤
በበቆጂ መንገድ ለሚያልፍ ማንኛውም ሰው።

ማስታወሻ፦ ይህን ጽፌ ሙጫው ሳይደርቅ እናትዎ ወይዘሮ ብርቄ ከጮሌ ወረዳ ደረሱ። ልጅሽ ታሟል ብቻ ነው የተባሉት፤ አሰላ እንደተኙ የነገራቸው ስላልነበር ወደ ሥራ ቦታዎ መጡ። ለካ እርስዎም የዚሁ የአርሲ ምድር ልጅ ኖረዋል፤ እንግዳ ነው ስንል የኖርነው ሁሉ ይቅርታ እንጠይቃለን። እናትዎ ሴቶቹን ከዛፉ ሥር ሲያዩ ምን ሆናችሁ ብለው በኦሮምኛ ጠየቁ፤ ሌላው አንገቱን ሲደፋ የራቢያ ልጅ የተሰበረውን ሲንቄ አሳይታ ማን እንደሰበረው ነገረቻቸው። ተቀብለው ስባሪዎቹን አጋጠሙ። «እሱን ስገላገል፣» አሉ፣ «ደጄ ላይ ሲንቄ ይዘው ቆመው የመረቁልኝ የአርሲ ጎረቤቶቼ ናቸው።» ለእርስዎ በፔርሙዝ ይዘውት የመጡትን አጥሚት ለራቢያ በመስኮቱ አቀበሏት፤ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሥረው ከሴቶቹ መካከል ተቀመጡ። ስለዚህ ጠያቂ ቢያጡ አይቀየሙ። እናትዎ የሚመጡት ከራቢያ ጋር ነው ብለዋል።